ደብዳቤው «ፕሬፕ» ካለ አትደንግጡ፦ ልጅን ወደ አሜሪካ ወታደራዊ አካዳሚ የሚያደርሰው ዓመት

ልጄ ከአናፖሊስ፣ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ፣ የመጣለትን ኢሜይል ያነበበው ኩሽና ውስጥ ቆሞ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አስቀመጠ። ምንም ሳይናገር ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔና እናቱ ተያየን። አልተቀበሉትም ብለን ደመደምን።

ማታ ራት አልበላም ሲል ኢሜይሉን ለምኜ አየሁት። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ዘንድሮ በቀጥታ አካዳሚው አትገባም፤ መጀመሪያ አንድ ዓመት የባሕር ኃይሉ ፕሬፕ ስኩል፣ ማለት መሰናዶ ትምህርት ቤት፣ ገብተህ ተማር ነው የሚለው። ያን ሌሊት ፕሬፕ ስኩል ምን እንደሆነ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈለግኩ። አንድም አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ ያለፍንበትን፣ የተሳሳትነውንም ጭምር፣ እንደኔ ግራ ለሚገባው ወላጅ እነሆ ብያለሁ። ልጆችም ካነበባችሁት ደስ ይለኛል፤ ብዙው ሥራ የእናንተ ነውና።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

አሜሪካ አምስት የፌዴራል አካዳሚዎች አሏት። ምድር ጦሩ ኒው ዮርክ ውስጥ ዌስት ፖይንት አለው፤ ከ1802 ጀምሮ ማለት ነው። ባሕር ኃይሉ ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ላይ በ1845 የተከፈተ አለው። አየር ኃይሉ በ1954 የተቋቋመው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው። የባሕር ጠረፍ ጠባቂው፣ ኮስት ጋርድ የሚባለው፣ ኮኔቲከት ኒው ለንደን ነው ያለው። አምስተኛው የንግድ መርከብ መኮንኖች የሚወጡበት ኪንግስ ፖይንት ነው። የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉና የአየር ኃይሉ ላይ ላተኩር፤ የራሳቸው ፕሬፕ ስኩል ያላቸው እነሱ ናቸውና።

አካዳሚው አራት ዓመት ነው። ትምህርት፣ መኝታ፣ ምግብ፣ ሕክምና አይከፈልበትም። ልጁ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መኮንን ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለግላል። በእኛ አገር ለሚያስታውስ፣ የሐረር ጦር አካዳሚን የመሰለ ነገር ነው ብላችሁ ለአያቶች ብታስረዱ ቶሎ ይገባቸዋል። እኔ ለእናቴ በስልክ ያስረዳሁት እንደዚያ ነው። «ወታደር ሊሆን ነው?» ብላ ስታለቅስ ሐረርን ስጠራላት ዝም አለች። ከዚያ «መኮንን ነዋ» አለች።

ፕሬፕ ስኩል ደግሞ ከዚያ በፊት ያለ አሥር ወር ገደማ ነው። ከጁላይ እስከ ሜይ። የባሕር ኃይሉ ፕሬፕ ሮድ አይላንድ፣ ኒውፖርት ነው። የምድር ጦሩ ድሮ ኒው ጀርሲ ነበር፣ ከ2011 ወዲህ ዌስት ፖይንት ግቢ ነው ያለው። የአየር ኃይሉም እዚያው ኮሎራዶ አካዳሚው ግቢ ውስጥ ነው። ይህም ነፃ ነው። እንዲያውም ከሲቪል የገባ ልጅ እንደ ተጠባባቂ ወታደር ቃለ መሐላ ፈጽሞ ስለሚገባ በየወሩ ክፍያ ያገኛል። ተቀናሽ ስላለው ብዙ አትጠብቁ፤ ግን ከቤት ገንዘብ ላኩልኝ አይልም።

ማንን ነው የሚልኩት? ልጄ ከገባ በኋላ ነው የገባኝ። ሦስት ዓይነት ልጅ ይበዛል። አንዱ ስፖርተኛ ነው፤ አካዳሚው ለቡድኑ የሚፈልገው። ሁለተኛው ሠራዊቱ ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ ሲያገለግል አለቆቹ መኮንን ይሆናል ብለው የላኩት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ልጅነቱም ጠባዩም ተወዶለት ሂሳቡ ወይም ሳይንሱ ወይም እንግሊዝኛው ትንሽ የጎደለ ነው። ትምህርት ቤቱ ካልኩለስ የማያስተምር፣ እሱ ራሱ እዚህ አገር በ14 ዓመቱ የመጣ፣ ቤት ውስጥ የሚያስጠና ሰው ያልነበረው። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ናቸው። አካዳሚው ይህን ልጅ ባይፈልገው ኖሮ አንድ ዓመት ሙሉ ገንዘብ አያወጣበትም ነበር። ልጃችሁ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ይህንኑ ንገሩት።

አንድ፦ ወረቀቱን ከአሁኑ አስተካክሉ

አሜሪካዊ ዜግነት የግድ ነው። ግሪን ካርድ አይበቃም። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር አለ። ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው፣ ግሪን ካርድ ይዞ ከናንተ ጋር እየኖረ ከእናት ወይም ከአባት አንዳችሁ ዜግነት ከወሰዳችሁ፣ እሱም በዚያው በሕግ ዜጋ ይሆናል። ለብቻው ፈተና አይፈተንም። ማስረጃ ግን በእጁ አይኖረውም። ስለዚህ የአሜሪካ ፓስፖርት አውጡለት፤ ወይም ኤን 600 የሚባለውን ፎርም ሞልታችሁ የዜግነት ሰርተፊኬት ጠይቁ። ፓስፖርቱ ይፈጥናል። 18 ካለፈው ግን ራሱ በኤን 400 ማመልከት አለበት፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበሉ።

ሁለተኛው ስም ነው። የኛ ስም አጻጻፍ ጣጣው ብዙ ነው። የልጁ የአባት ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፣ የእናቱ ደግሞ የራሷ አባት ስም ነው፣ እና ሰዎቹ ግራ ይገባቸዋል። በዚያ ላይ ዮሐንስ የሚለው ስም የትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ በዋይ፣ ፓስፖርቱ ላይ በጄ ተጽፎ ይገኛል። የትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት፣ ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ምዝገባ፣ ፓስፖርት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ሁሉም ላይ ስሙ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዩ። የልደት ቀኑንም እዩ። ከቀበሌ የመጣ ወረቀት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞር ተዛብቶ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክሉት። እኛ ቤት የልደት ቀን አልተዛባም፤ የአያት ስም ግን አንዱ ላይ ነበረ፣ ሌላው ላይ አልነበረም። እሱን ለማስተካከል ሁለት ወር ሄደብን።

በተረፈ ልጁ ያላገባና ልጅ የሌለው መሆን አለበት። ቢያንስ 17 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ከላይም የዕድሜ ጣሪያ አለ፤ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ካላችሁ የሚያመለክትበትን አካዳሚ ድረ ገጽ ቀድማችሁ አንብቡ።

ሁለት፦ በ11ኛ ክፍል ጀምሩ፣ ማመልከቻውም ለአካዳሚው ነው

የኛ ትልቁ ስሕተት ይኸ ነበር። እኛ የነቃነው በ12ኛ ክፍል፣ ያውም ኦክቶበር ላይ ነው።

ለፕሬፕ ስኩሉ በቀጥታ ማመልከት የሚባል ነገር የለም። ልጁ የሚያመለክተው ለአካዳሚው ነው። አካዳሚው ፋይሉን ሲመረምር ወይ በቀጥታ ይቀበለዋል፣ ወይ አይቀበለውም፣ ወይ ፕሬፕ ያቀርብለታል። እና ፕሬፕ ቢደርሰውም ባይደርሰውም የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ አካዳሚውን ለመግባት የሚያስፈልገውን ሁሉ መሥራት።

ሰዓቱ እንደዚህ ይሄዳል። 11ኛ ክፍል ጃንዋሪ ላይ የክረምት ሴሚናር ማመልከቻ ይከፈታል፤ ተማሪዎች አካዳሚው ግቢ ለጥቂት ቀን ገብተው የሚያዩበት ነው። ያልተቀበሉትም አያዝን፤ ማመልከቱ ራሱ ስሙን ያስመዘግባል። በዚያው የጸደይ ወቅት ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲ ይውሰድ፤ ከዚያም ደጋግሞ ይውሰድ፤ ሂሳቡ ላይ ነጥብ መጨመር ከምንም በላይ ይረዳዋል። 12ኛ ክፍል ሲጀምር የአካዳሚው ማመልከቻ በእጁ ላይ መሆን አለበት። የመጨረሻው ቀን በየአካዳሚው ይለያያል፤ በዲሴምበር መጨረሻና በጃንዋሪ መጨረሻ መካከል ነው። ያን ቀን ግን መጨረሻ እንጂ መድረሻ አታድርጉት።

የሂሳብ ነገር። የ11ኛና 12ኛ ክፍል የትምህርት ምርጫው ላይ ወላጅ ሆናችሁ ግቡበት። ካውንስለሩ «ይከብደዋል፣ ቀለል ያለውን ይውሰድ» ቢላችሁ እሺ ብላችሁ አትውጡ። ካልኩለስ ካለ ካልኩለስ፣ ከሌለ ፕሪካልኩለስ፣ ኬሚስትሪ ከላብ ጋር፣ ፊዚክስ፣ አራት ዓመት እንግሊዝኛ። ቀላል ክፍል ወስዶ ኤ ያመጣ ልጅና ከባድ ክፍል ወስዶ ቢ ያመጣ ልጅ እዚያ በአንድ ዓይን አይታዩም።

ሦስት፦ ኖሚኔሽን

አካዳሚ ለመግባት ከኮስት ጋርዱ በስተቀር ኖሚኔሽን ያስፈልጋል። ማለትም ከመንግሥት ሰው የሚሰጥ የዕጩነት ድጋፍ። የሚሰጡት ሁለቱ ሴናተሮቻችሁ፣ የወረዳችሁ የኮንግረስ ተወካይና ምክትል ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የምትኖሩ ሴናተር ስለሌላችሁ የዲሲ ተወካዩ ዘንድና ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ታመለክታላችሁ። አንድ የኮንግረስ አባል በየአካዳሚው በአንድ ጊዜ አምስት ተማሪ ብቻ ነው በስሙ የሚኖረው፤ ፉክክሩ የሚጠነክረው ለዚህ ነው።

እነዚህ ሰዎች ዘመድ አይጠይቁም፣ ትውውቅ አይጠይቁም። እኔ በእኛ አገር አስተሳሰብ «ማን ያውቀናል?» ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለካ ፎርም ነው። ድረ ገጻቸው ላይ ተቀምጧል፤ ድርሰት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ትራንስክሪፕት ያስገባሉ፤ ከዚያ ቃለ መጠይቅ ይጠራል። ቀኑ ግን ከአካዳሚው ይቀድማል። ብዙዎቹ ቢሮዎች በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ይዘጋሉ። እኛ ከሦስቱ አንዱ ቢሮ ጋ ስንደርስ ተዘግቶ አራት ቀን ሆኖት ነበር።

ለፕሬፕ ስኩሉ ኖሚኔሽን አያስፈልግም። ይህ ማለት ግን ይቀራል ማለት አይደለም። ፕሬፕ ላይ እያለ ወደ አካዳሚው ለመሻገር እንደገና ያስፈልገዋል፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ቃለ መጠይቁን ቤት ውስጥ ተለማመዱ። የኛ ልጆች ጥሩ አስተዳደግ ያላቸው ናቸው፣ ትልቅ ሰው ፊት አንገት ይደፋሉ፣ ስለ ራሳቸው ማውራት ያፍራሉ። ይህ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያስመሰግናቸዋል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ዓይን ዓይን እያዩ መናገር ነው ያለባቸው። እኔና ልጄ ሳሎን ውስጥ ሸሚዝና ከረባት አስለብሼው አምስት ማታ ተቀምጠናል። የመጀመሪያው ማታ «መኮንን መሆን ለምን ፈለግክ?» ስለው ሦስት ቃል ነው የመለሰልኝ። በአምስተኛው ማታ አያቱ በሱዳን በረሃ አቋርጦ ስለመምጣቱ፣ እዚህ አገር የተቀበሉን ሰዎች ዩኒፎርም ለብሰው ስለማየቱ ነገረኝ። ይህን ከኔ ሰምቶት ነው ለካ። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

አራት፦ ሰውነት

ሲኤፍኤ የሚባል የአካል ብቃት ፈተና አለ። ስድስት ነገር ነው፦ ተንበርክኮ የቅርጫት ኳስ መወርወር፣ ፑልአፕ፣ ወዲያ ወዲህ መሮጥ፣ በአንድ ደቂቃ ክራንች (በጀርባ ተኝቶ ቀና ማለት)፣ በአንድ ደቂቃ ፑሻፕ፣ በመጨረሻ አንድ ማይል ሩጫ። በተከታታይ፣ አጭር እረፍት እየተሰጠ ነው። የስፖርት አስተማሪው ወይም አሠልጣኝ ሊፈትነው ይችላል።

የሩጫው ነገር ለኛ ልጆች ብዙ ጊዜ አይከብድም። የኳሱ ውርወራ ግን ልብ አይባልም። ሁለት ጉልበት ተንበርክኮ፣ በአንድ እጅ፣ ከትከሻ በላይ። ልጄ መጀመሪያ ሲሞክረው ኳሷ ሄዳ የጎረቤት መኪና ሥር ገባች። ከትከሻው ሳይሆን ከወገቡ መጠምዘዝ እንዳለበት የገባው ከብዙ ቅዳሜ በኋላ ነው። መሬቱን በሜትር ለክተን በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲያልፍ ማየት ራሱ ልቡን አነሳሳው።

ፑልአፕ ከዜሮ ለሚጀምር፣ በሩ ላይ የሚሰቀል ብረት ግዙ። ባለፈ ባገደመ ቁጥር አንድ፣ ሁለት። ፈተናው ሊደርስ ሳምንት ሲቀር መጨነቅ ጥቅም የለውም።

ለባሕር ኃይሉ ለሚያስብ ደግሞ ዋና። መዋኘት ግዴታ ነው። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ውሃ እያስፈራራን ነው ያሳደግናቸው። በአካባቢያችሁ የማዘጋጃ ቤት መዋኛ ካለ ትምህርት አስጀምሩት። የአየር ኃይሉን ለሚያስብ ደግሞ፣ ኮሎራዶ ያለው ግቢ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ቢል ነው። ቨርጂኒያ ሜዳ ላይ የለመደ ሳንባ እዚያ ሲደርስ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ትንፋሹን አጠንክሮ ይሂድ።

አምስት፦ ሕክምናው

ዶድመርብ የሚባል የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የሕክምና መርማሪ ክፍል አለ። ምርመራው ለናንተ ወጪ የለውም። አካላዊ ምርመራና የዓይን ምርመራ ቀጠሮ ይሰጣችኋል። ረጅም የጤና መጠይቅ ይሞላል።

እዚህ ላይ እንደ ወንድም ልምከራችሁ። አትደብቁ። እኛ ሐበሾች ሕመም መናገር እንፈራለን፣ በተለይ ልጁ «ይጣላል» ብለን ስንሰጋ። ተደብቆ ኋላ ቢገኝ ግን ችግሩ የሕመም መሆኑ ቀርቶ የታማኝነት ይሆናል፤ በአካዳሚ ደግሞ ታማኝነት ላይ ቀልድ የለም። ከ13 ዓመቱ በኋላ የአስም ምርመራ ወይም ኢንሄለር ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ አይበቃም ይባላል። እንዲያም ሆኖ አካዳሚው ከፈለገው ዌይቨር፣ ማለት ልዩ ፈቃድ፣ ሊጠይቅለት ይችላል። ዌይቨሩን የሚጠይቀው አካዳሚው እንጂ እናንተ አይደላችሁም፤ የናንተ ሥራ የተጠየቃችሁትን የሐኪም ወረቀት ቶሎ ማቅረብ ነው።

ኢትዮጵያ ተወልዶ ክትባት የወሰደ ልጅ ካላችሁ ሌላ ነገር አለ። የቲቢ ክትባት የወሰደ ሰው ክንዱ ላይ በሚደረገው የቆዳ ምርመራ ሳይታመም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። የደም ምርመራው ግን በክትባቱ አይታለልም። ሐኪማችሁን በደም እንዲመረመርለት ጠይቁና ውጤቱን በእጃችሁ ያዙ።

ስድስት፦ «ፕሬፕ» የሚለው መልስ ሲመጣ

ብዙውን ጊዜ በጸደይ ነው የሚመጣው፤ ሌሎች ጓደኞቹ ዩኒቨርሲቲያቸውን አውቀው ቲሸርት ለብሰው በሚዞሩበት ወቅት። ለዚህ ነው ልጁ የሚከፋው። «ሁሉም ፍሬሽማን ሊሆን ነው፣ እኔ 13ኛ ክፍል» አለኝ የኔው።

መጀመሪያ ኢሜይሉን በየቀኑ እዩ። ስፓም የሚለው ሣጥን ውስጥም ግቡ። መልስ መስጫ ቀን አለው፤ ያለፈበት ልጅ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ከዚያ ተነጋገሩ። ልብ በሉ፣ ፕሬፕ የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው ለዲግሪ የሚቆጠር ክሬዲት የለውም። አንድ ዓመት ይጨምራል። በሌላ በኩል ደግሞ አንድም ሳንቲም አያስከፍልም፣ ሂሳቡን፣ ኬሚስትሪውን፣ ፊዚክሱን፣ የእንግሊዝኛ ድርሰቱን ከሥሩ ያስይዘዋል፣ ወታደራዊ ኑሮውን ይለምዳል። አካዳሚው ሲገባ ያንን የመጀመሪያውን ክረምት ሌሎቹ ሲደናበሩ እሱ ጫማ መወልወልና አልጋ ማንጠፍ ያውቃል። ደስ ያላለው ልጅ ደግሞ ለቆ መውጣት ይችላል። ከሲቪል የገባ ልጅ ፕሬፕን ትቶ ቢወጣ የአገልግሎት ዕዳ የለበትም፤ አካዳሚውም ውስጥ ቢሆን ዕዳው የሚያዘው ሦስተኛው ዓመት ሲጀምር ነው። ይህን ስነግራት ነው ባለቤቴ መጀመሪያ የተነፈሰችው።

እና የሌላውን ዩኒቨርሲቲ ቦታ ወዲያው አትጣሉት። ሜይ 1 አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ማረጋገጫ የሚጠይቅበት ቀን ነው። የሕክምና ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቦታ በትንሽ ማስያዣ ይዛችሁ ቆዩ። ማስያዣው ይቀርባችሁ ይሆናል፤ ልጁ ግን ሜዳ ላይ አይቀርም።

ሰባት፦ ከመግባቱ በፊት ያለው ክረምት

ልጁ ያድር የነበረው ጨዋታ ላይ ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚተኛ። አንድ ወር ሲቀረው እንቅልፉን ቀየርን። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ይነሳል፣ ይሮጣል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሂሳብ። አልጀብራውን ከመጀመሪያው። ሲገቡ የምደባ ፈተና ስለሚጠብቃቸው ክረምቱን ማሳለፍ ያለበት መጽሐፉን ከፍቶ ነው።

ጫማ። የሚታዘዘውን ዝርዝር ልከው ይሰጣሉ፤ መሮጫ ጫማውን ግን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ለብሶ ያላምደው። አዲስ ጫማ ይዞ የገባ ልጅ በሦስተኛው ቀን እግሩ ይላጣል።

የባንክ ሒሳብ በራሱ ስም ይክፈት፤ ክፍያው በዚያ ይገባል።

ጸጉር ይላጫል። ማተብ ያሰረ ልጅ፣ ሂጃብ የምትለብስ ልጅ፣ የጾም ሥርዓት ያለው ልጅ፣ ቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ። ሠራዊቱ ለሃይማኖት ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥርዓት አለው፤ ቄስም ኢማምም ሊያገናኙት የሚችሉ የሃይማኖት መኮንኖች አሉት። በር ላይ ደርሶ ከመከራከር በወር ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ስምንት፦ የመግቢያው ቀን

ከምንኖርበት ከቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ ኒውፖርት ድረስ መንገዱ ስምንት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ወደ ከተማው ሲገባ የክሌይቦርን ፔል ድልድይ አለ፤ ከፍ ብሎ ባሕሩን የሚያሻግር። ልጄ ከዚያ ድልድይ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም። እናቱ እጁን ይዛ ነበር።

ስንብቱ አጭር ነው። ፈጥነው ይወስዷቸዋል። ስለዚህ የምትሉትን ቀድማችሁ በሉ፤ ምርቃቱን ማታ ሆቴል ውስጥ ጨርሱት። አባቴ ቢኖር እንደሚያደርገው ማታ ጉልበቴን ስሞ፣ ጭንቅላቱን ይዤ መረቅኩት። ጠዋት በር ላይ ጊዜ አልነበረም።

መጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ገደማ ወታደራዊ ስልጠና ነው። ስልክ ይወሰዳል። ዝም ሲል አትፍሩ። ደብዳቤ በፖስታ ይደርሰዋልና በየቀኑ ጻፉ። ምግብ ግን በዚያ ጊዜ አትላኩ፣ አያስገቡትም። እናቱ በአማርኛ ነበር የምትጽፍለት። የሰንበት ትምህርት ቤት ያስቆጠረው ፊደል ነው ያለው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያነብ። በኋላ ሲነግረን፣ አንዷን ገጽ ለመጨረስ ሦስት ማታ ይፈጅበት ነበር፤ እና ሆነ ብላ እንድታረዝመው ጠይቋት ነበር።

ስልጠናው ካለቀ በኋላ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ላኩ። ለክፍል ጓደኞቹ የሚበቃ ይሁን። በሶም ይሄዳል።

ዘጠኝ፦ ዓመቱን አጠቃቀም

ወደ አካዳሚው መሻገሩ በራሱ የሚሆን አይደለም። ውጤቱ፣ የአካል ብቃቱ፣ ጠባዩ ይታያል፤ ከዚያ ነው የሚመከርለት። ልጁ ይህን በሴፕቴምበር ይወቅ፤ በማርች ሳይሆን።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዙልኝ። ሲቸግረው ይጠይቅ። አስተማሪዎቹ ከክፍል ውጭ የሚያስጠኑበት ሰዓት አላቸው፤ ያን ሰዓት የሚጠቀም ልጅ ነው የሚያልፍ። የኛ ልጆች ደግሞ መጠየቅ ያሳፍራቸዋል። ልጄ የመጀመሪያ የኬሚስትሪ ፈተናውን ወድቆ ለሁለት ሳምንት ለማንም አልተናገረም። እሑድ ሲደውል ድምፁ ይነግረኝ ነበርና ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ሁሉም የሚያውቁ ይመስለኛል» አለኝ። በማግስቱ አስተማሪው ቢሮ እንዲሄድ አስማልኩት። ሄደ። አስተማሪው ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ልጅ እንደወደቀ ነገሩት። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ እዚያ ቢሮ ነው፤ ዲሴምበር ላይ ቢ ይዞ መጣ።

ኖሚኔሽኑን እንደገና ያመልክት። አድራሻው የቤታችሁ አድራሻ ነውና ያው ሴናተሮች፣ ያው ተወካይ ጋ ነው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ስለሚዘጋ፣ እሱ ደግሞ ስልጠና ላይ ስለሚሆን፣ ጁን ላይ ቤት ሳለ ወረቀቱን ጀምሮ ይሂድ። ከባሕር ኃይሉ ሚኒስትር በኩልም ለተጠባባቂ ወታደሮች የሚሰጥ ኖሚኔሽን አለ፤ ትምህርት ቤቱ ያሳያቸዋል። አንዱን ብቻ ተማምኖ አይቀመጥ።

ኒውፖርት በብርዱ ወራት ነፋስ ነው። ባሕሩ ዳር ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይገባል። ለታንክስጊቪንግና ለገና እረፍት ይመጣል። ሲመጣ ዘመድ አዝማድ ሰብስባችሁ አታዳክሙት፤ አስተኙት።

ፕሬፕ ካልተሰጠውስ?

በሩ አልተዘጋም። የአየር ኃይሉ አካዳሚ ወዳጆች በ1958 ያቋቋሙት ፋልከን ፋውንዴሽን አለ፤ የባሕር ኃይሉም የዌስት ፖይንትም ምሩቃን ማኅበሮች ተመሳሳይ አላቸው። እነዚህ ልጁን ወደ ሲቪል ወይም ወታደራዊ ኮሌጅ ይልካሉ፣ ከወጪው ከፊሉን ይሸፍናሉ፤ ቀሪውን ቤተሰብ ይችላል። አላባማ ያለው ማሪዮን ሚሊተሪ ኢንስቲትዩትና ሮዝዌል ያለው ኒው ሜክሲኮ ሚሊተሪ ኢንስቲትዩት ከሚልኩባቸው መካከል ናቸው። ሌላው መንገድ ልጁ በራሱ አንድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ካልኩለስ፣ ኬሚስትሪና እንግሊዝኛ ወስዶ፣ ከተቻለ አርኦቲሲ፣ ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ መኮንንነት የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም፣ ተመዝግቦ፣ በዓመቱ እንደገና ማመልከት ነው። ገንዘብ ሳትጨርሱ በፊት ግን ለአካዳሚው የአካባቢ ተወካይ ደውሉ። የባሕር ኃይሉ ብሉ ኤንድ ጎልድ ኦፊሰር ይላቸዋል፤ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ የልጁ ፋይል ምን እንደጎደለው ይነግሩታል። ጥያቄውን ግን ልጁ ራሱ ይደውል። ወላጅ ሲደውል አይወዱም።

የመጨረሻ ነገር። ምርቃቱ ሜይ ላይ ነው፤ ኒውፖርት የቱሪስት ከተማ ናትና ሆቴል በጃንዋሪ ያዙ። ከዚያ ወደ አናፖሊስ የሚገባው ጁን መጨረሻ ወይም ጁላይ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ መሃል ላይ ጥቂት ሳምንት ብቻ ይኖረዋል። አያቱን ለማየት ወደ አዲስ አበባ ልታስሄዱት ካሰባችሁ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ልጁ ለበላዮቹ አሳውቆ ፈቃድ ይጠይቅ። ፓስፖርቱም ስድስት ወር እንደሚቀረው እዩ። የኛው የሄደው ለአሥራ አንድ ቀን ነው፤ እናቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ሲመጣ አላወቀችውም።